አንድ ጥንድ ወይስ ሁለት? ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ሲኒማ ራስ በገመድ ፍለጋ

መርካቶን በዐይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መለየት ይቻላል። ምናለሽ ተራ ገና ሳይደርሱበት በመዶሻው ድምፅ ይታወቃል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተቀራረቡበት በኩል አዛኑና ቅዳሴው ከተሸካሚዎቹ «ጀርባ! ጀርባ!» ጋር ይደባለቃል። ወደ ሲኒማ ራስ ሲጠጉ ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደሩት ስፒከሮች ይቀበሉዎታል። ከአንዱ ትዝታ፣ ከአንዱ መንዙማ፣ ከሌላው መዝሙር ይወጣል፤ እግረኛውም ሦስቱንም እኩል እየሰማ ያልፋል።

ከሁለት ወር በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ወደዚህ ሰፈር የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ የ76 ዓመት አባቴ፣ የ12 ዓመት ልጄና እኔ። የምንፈልገው ገመድ ነበር። አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለአባታችን ጥንድ ያገለገሉ ስፒከሮች በሰው ልካላቸዋለች። ስፒከሮቹ ከጀርባቸው እንደለመድነው ሁለት ሳይሆን አራት የገመድ መያዣ ብሎን አላቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ በመካከላቸውም ጠፍጣፋ የብረት ማገናኛ። እህቴ በስልክ «አንድ ጥንድ ገመድ አይበቃውም። ለላይኛው ለብቻ፣ ለታችኛው ለብቻ ይዘረጋለታል፤ ድምፁ ጥርት የሚለው ያን ጊዜ ነው ይላሉ» አለችን። ባለሙያዎች ይህን አሠራር «ባይዋየሪንግ» ይሉታል፤ እኛ «ድርብ ገመድ» ብንለው ያስኬዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ገመድ ገዝታ ልትልክም ገንዘብ ለይታ አስቀምጣለች። ዋጋውን ስትነግረን አባቴ «በዚህ እኮ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይወጣል» አሉና፣ መጀመሪያ እዚሁ ባለሙያ ይጠየቅ ተባለ።

እህቴን ያስቸኮላት ሌላ ነገር ነው። አባታችን የድሮ ካሴታቸውን ከፍተው «ግጥሙ አይሰማም፣ ድምፁ ታፍኗል» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙዚቃ ትልቁ ጓደኛቸው ነውና ነገሩ ለሁላችንም ቀላል አልነበረም።

ከአራዳ ወደ መርካቶ

መንገዳችንን ከጊዮርጊስ ጀመርን። አባቴ ወደ መርካቶ ሲሄዱ ከዚህ መነሳት ይወዳሉ፤ ለልጅ ልጃቸው የሚያወሩት ስላላቸው ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ እዚሁ አራዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወራሪዎቹ ከተማዋን የነጭና የጥቁር ብለው ሲከፋፍሉ የሀገሬውን ገበያ ከዚህ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። መርካቶ የሚለው የጣሊያንኛ ስም ከዚያ የቀረ ነው። ጣሊያን ሄደ፤ ገበያው ግን እዚያው ሰፍቶ ቀረ።

የሙዚቃው ታሪክም በእነዚሁ ሁለት ሰፈሮች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። አባቴ ወጣት በነበሩበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። «ሸክላ የሀብታም ነበር፤ ካሴት ግን አስተማሪውም ይገዛዋል» ይላሉ አባቴ። የእርሳቸው ካሴቶች እስከ ዛሬ ቡፌው ውስጥ ተደርድረው አሉ።

«ግማሹ የት ይቀራል?»

ሲኒማ ራስ አካባቢ የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያገኘነው ልጅ ቅልጥፍ ያለ ነው። የስፒከሮቹን ጀርባ በስልክ ያነሳነውን ፎቶ አየና «እህቴ፣ አራት ብሎን ያለው ስፒከር ሁለት ገመድ ካልገባለት ግማሽ ድምፁ ነው የሚወጣው» አለኝ። አባቴ ቀበል አድርገው «ግማሹ የት ይቀራል ልጄ?» ሲሉት ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ግን ጥያቄው የሳቅ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው የቤት ስፒከር በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ድምፅ ሰጪ አለው። ትልቁ ውፈር ይባላል፤ ከበሮውንና የቤዝ ጊታሩን ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ትንሹ ቲዊተር ነው፤ የጸናጽሉን፣ የማሲንቆውን ፉጨት፣ የዘፋኙን «ሰ» እና «ሸ» ያወጣል። ከገመዱ የሚመጣውን ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ለየብቻ አድርጎ የሚያከፋፍላቸው ክሮስኦቨር የሚባል አካል ውስጥ አለ። ባለ ሁለት ብሎን ስፒከር ሁለቱንም ክፍሎች ከአንድ በር ያስገባል። ባለ አራት ብሎኑ ግን የላይኛው ጥንድ ለቲዊተሩ፣ የታችኛው ጥንድ ለውፈሩ ሆኖ በሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከፋብሪካ ሲመጣ በመካከል ያለው የብረት ማገናኛ ሁለቱን መልሶ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ማገናኛው በቦታው እስካለ ድረስ በአንድ ጥንድ ገመድ ሙሉው ድምፅ ይወጣል፤ የሚቀር ግማሽ የለም።

ድርብ ገመድ ማለት ማገናኛውን ነቅሎ ከአንዱ አምፕሊፋየር፣ ከዚያው ከአንዱ መውጫ፣ ሁለት ጥንድ ገመድ መዘርጋት ነው። ሁለት አምፕሊፋየር መጠቀም ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ጋር አይምታታ።

ልጁ አልተቆጣም። እንዲያውም «የበለጠ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፎቅ ላይ አንድ የቆየ ጠጋኝ አለ፤ እሱን አናግሩት» ብሎ ደረጃውን አሳየን።

የምጣዱና የአምፖሉ ነገር

ጠጋኙ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሰማያዊ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ የተፈታታው ቴፕ ጠረጴዛውን ሞልተውታል፤ አየሩ የስታኞ ጭስ ይሸታል። አባቴን ሲያይ ተነስቶ «ይቀመጡ ጋሼ» ብሎ የራሱን ወንበር ሰጣቸው። ጥያቄያችንን ከሰማ በኋላ ፊቱን ወደ ልጄ አዞረ።

«ቤታችሁ እናትህ ምጣድ ስትሰካ አምፖሉ አይደበዝዝም?»

«ይደበዝዛል» አለ ልጄ።

«ለምን ይመስልሃል?»

ልጄ ዝም አለ። ጠጋኙ ቀጠለ። ምጣዱና አምፖሉ በአንድ ሽቦ ከቆጣሪው ይመጣሉ። ምጣዱ ብዙ ኃይል ሲስብ መንገድ ላይ፣ ሽቦው ውስጥ፣ የሚባክነው ይጨምራል፤ ለአምፖሉ የሚደርሰውም ያንሳል። ለምጣዱ ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ቢዘረጋ ግን አምፖሉ ያን ያህል አይደበዝዝም። «ስፒከር ውስጥ ምጣዱ ውፈሩ ነው፤ አምፖሉ ቲዊተሩ ነው። ድርብ ገመድ ይሻላል የሚሉት ሰዎች የሚሉት ይህን ነው። ተረት አይደለም፤ ማገናኛው ሲነቀል የወፍራሙ ድምፅ ኃይል በአንዱ ገመድ፣ የቀጭኑ በሌላው መሄዱ እውነት ነው።»

«ታዲያ ልግዛው?» አልኩት።

«ቆይ። ስንት ሜትር ነው? ምን ያህል ኃይል ነው? እሱን ሳያሰሉ መግዛት የለም።»

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። ከቆጣሪ እስከ ማድ ቤት ያለውም ሽቦ ረጅም ሊሆን ይችላል። ሳሎን ውስጥ በሚሰማ መጠን የሚዘፍን ስፒከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዋት አያልፍም፤ ገመዱም ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ጠጋኙ ካርቶን ቀደደና እስክሪብቶውን ለልጄ ሰጠው።

1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.017 ኦም ያህል ይገታል። ገመዱ 2.5 ካሬ ከሆነ በሜትር 0.007 ኦም ያህል ይሆናል። ሦስት ሜትር ሄዶ ሦስት ሜትር ሲመለስ ስድስት ሜትር ነውና በጠቅላላው 0.04 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ ራሱ 8 ኦም ነው። ስለዚህ ገመዱ የሚገታው ስፒከሩ ከሚገታው ሁለት መቶኛውን ነው። በድምፅ መለኪያ ሲነገር የሚቀንሰው 0.04 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ተራ አድማጭ ልብ የሚለው ልዩነት ግን 1 ዴሲቤል አካባቢ ነው።

«እሺ፣ ቀጭንና ረጅም ቢሆንስ?» አሉ አባቴ። አስተማሪ ናቸውና ተቃራኒውን ሳይጠይቁ አያልፉም። ልጄ እንደገና አሰላ። 0.75 ካሬ ገመድ 10 ሜትር ቢዘረጋ 0.46 ኦም ይገታል፤ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ይህንኑ ቀጭን ገመድ ማገናኛውን ሳንነቅል ሁለት ጥንድ ብናደርገው 0.23 ኦም ይሆናል። በሁለቱ ፋንታ አንድ ጥንድ ባለ 2.5 ካሬ ብንዘረጋ ግን 0.14 ኦም ብቻ ነው። አንዱ ወፍራም ከሁለቱ ቀጭኖች ይሻላል ማለት ነው።

«ደግሞም» አለ ጠጋኙ ካርቶኑን እያነሳ፣ «ሁለቱ መስመሮች የሚነሱት ከአንድ ቆጣሪ ነው። አምፕሊፋየሩ ያልሰጠውን ገመዱ ከየት ያመጣዋል?»

ሠሪዎቹም አልተስማሙም

ይህ ክርክር የሲኒማ ራስ ብቻ እንዳይመስልዎት። ስፒከር የሚሠሩት ኩባንያዎች ራሳቸው በዚህ ነገር አልተስማሙም። የካሊፎርኒያው ቫንደርስቲን ለዓመታት ስፒከሮቹ በድርብ ገመድ እንዲያያዙ ሲመክር ኖሯል። የእንግሊዙ ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ ብዙ ሞዴሎቹን ባለ አራት ብሎን አድርጎ ይሠራል። የዴንማርኩ ዳይናውዲዮ ደግሞ አያስፈልግም ብሎ ስፒከሮቹን ባለ ሁለት ብሎን አድርጎ ሲሠራ ቆይቷል። ሦስቱም የተከበሩ ናቸው፤ ሦስቱም ጥሩ ድምፅ ያወጣሉ። አንዱ በአራት፣ ሌላው በሁለት ብሎን ጥሩ ድምፅ ካወጣ፣ የድምፁ ጥራት በብሎኑ ቁጥር ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ታዲያ ድርብ ገመድ ዘርግቼ ለውጥ ሰማሁ የሚለው ሰው ሁሉ ይዋሻል? ጠጋኙ እንዲህ አይልም። «ሰው አዲስ ገመድ ሲያስገባ ምን ያደርጋል? የዛገውን የብረት ማገናኛ ይነቅላል፤ ብሎኑን ይወለውላል፤ የላላውን ያጠብቃል። ድምፁ ከዚያ በኋላ ቢሻሻል አይገርምም። ግን ያሻሻለው መወልወሉና ማጥበቁ ነው።» እጁን ወደ ቡና ስኒው እየሰደደ «ሌላው ደግሞ ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ሰው በሙሉ ልቡ ነው የሚያዳምጠው» አለ።

አንበሳ ወይስ ሚዛን?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጄ እስካሁን ያወራዋል። ጠጋኙ የራሱ ባለ አራት ብሎን ስፒከሮች አሉት። ከጀርባ አንድ ማቀያየሪያ ሠርቶላቸዋል፤ ወደ ግራ ሲዞር ነጠላ ገመድ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ድርብ ይሆናል። መጋረጃ ተጋረደ። ተለማማጁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የአንድ ብር ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳ ከወጣ ነጠላ፣ ሚዛን ከወጣ ድርብ ያደርግና በወረቀት ይጽፋል። የድምፁ መጠን አይነካም። እኛ ከፊት ተቀምጠን እየሰማን የመሰለንን በየግላችን እንጽፋለን። ዘውድና ጎፈር መጫወት ለቁም ነገር ሲውል ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባቴ የመረጡት የቆየ ትዝታ ነበር፤ ማሲንቆና ክራር ያለበት፣ ሴት የምትዘፍነው። አሥር ጊዜ ሰማን። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው ከ10 ውስጥ 5 ያህሉን ይመታል፤ በግምት ብቻ 9 ወይም 10 የመምታት ዕድሉ ግን ከ100 አንድ ያህል ነው። ወረቀቶቹ ሲነጻጸሩ ልጄ 6፣ አባቴ 5፣ እኔ 4 አገኘን። የሦስት ሰዎች የአንድ ቀን ሙከራ የዓለምን ክርክር አይዘጋም። ለእኛ ቤት ጥያቄ ግን በቂ መልስ ነበር፤ መጋረጃው ሲጋረድ ሁለቱን መለየት አልቻልንም።

አባቴ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እንዲህ አሉ፤ «እኔን የቸገረኝ ነጠላና ድርቡ አይደለም። ማሲንቆው ይሰማኛል፤ ሴትዮዋ የምትለው ነው የማይሰማኝ።»

«እንዴ አባባ፣ ይሰማል እኮ!» አለ ልጄ፤ ግጥሙንም ስንኝ በስንኝ ደገመላቸው።

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ሁሉ ትሰማለህ?» አሉት።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ዝምታውን የሰበረው ጠጋኙ ነው። «ጋሼ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት የወፍ ድምፅ ከራቀኝ ቆይቷል። ልጆቼ ናቸው የነገሩኝ። አንገት በላይ ሐኪም ታይተው ያውቃሉ?» አባቴ አልመለሱለትም፤ ግን አልተቀየሙትም። ስንወጣ ገመድ ብቻ ሳይሆን እጁን ጨብጠው አመስግነውት ነው የወጡት።

ከገመዱ በፊት ጆሮው

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በመጀመሪያ በሁለቱም ጆሯቸው የተጋገረ ኩክ ተገኘና ወጣ። ያ ብቻውን ለውጥ አመጣ። ቀጥሎ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የድምፅ ምርመራ ተደረገላቸው። ወፍራሙን ድምፅ ደህና ይሰማሉ፤ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ግን መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።

ሐኪሟ እንደ ገለጸችልን ይህ በዕድሜ የሚመጣ ነው። ጤነኛ ልጅ እስከ 20,000 ሄርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ከላይ ያለው፣ ቀጭኑ ነው፤ ቀስ በቀስም ወደ ንግግር ይወርዳል። እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጸ» ያሉት ፊደላት በዚያ በቀጭኑ በኩል ስለሚገኙ አረጋዊው ድምፁ እየተሰማው ቃሉ ይጠፋበታል። «ትሰማለህ?» ሲሉት «እሰማለሁ» ይላል፤ አልዋሸም። «ምን አልኩ?» ሲሉት ነው ችግሩ የሚታየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነው ሰዎች ከአራት አንዱ በላይ ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው።

ይህን ስሰማ የቤታችን ብዙ ነገር ትርጉም አገኘ። አባቴ በበዓል ቀን ሁሉም ሲያወራ ዝም ብለው የሚቀመጡት ለምንድን ነው? ልጄ በስልክ ሲያናግራቸው ቶሎ «እሺ፣ ደህና ሁን» የሚሉትስ? እኛ ዕድሜ ነው፣ ጸባይ ነው እንል ነበር። ጆሮው ላይ ያለውን ክፍተት የትኛውም የመዳብ ገመድ አይሞላውም።

ሌላም ነገር አለ። የአባቴ ካሴቶች አብዛኞቹ ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጡ ናቸው። ካሴት ሲገለበጥ ቀጭኑ ድምፅ በየጊዜው ይሳሳል፤ የቴፑ የራሱ «ሽሽሽ» ይጨምራል። ካሴቱ ላይ የሌለውን ድምፅ ስፒከሩም ገመዱም አይፈጥረውም።

ሳሎኑ ውስጥ የሚሠራው

ከጠጋኙ የገዛነው ስምንት ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ቀይና ጥቁር ገመድ ብቻ ነው። ከእርሱ የተማርነውን፣ እርስዎም ቤት ይጠቅም ይሆናልና እነሆ።

ገመድ ከመንካትዎ በፊት አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፤ ከሶኬቱም ይንቀሉ። የገመዱ ጫፍ የተበታተኑ ቀጫጭን ሽቦዎች ቀይና ጥቁሩን እንዳያነካኩ ጠምዝዘው ያስገቡ፤ ቢነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይግባ። በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተገለባበጠ ቤዙ ይሳሳል። ባለ አራት ብሎን ስፒከር ካለዎት ማገናኛውን አይንቀሉ፤ አውልቀው ይወልውሉትና መልሰው ያጥብቁት። ማገናኛው ጠፍቶ በአንድ ጥንድ ብቻ ካያያዙት ወይ ቤዙ ብቻ ወይ ቀጭኑ ብቻ ነው የሚወጣው። ማገናኛ ከሌለ ከዚያው ገመድ አጭር ቁራጭ ቆርጦ ማገናኘት ይበቃል።

የስፒከሩ ቦታ ከገመዱ እጅግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የእኛዎቹን ቡፌ ላይ፣ ከፎቶዎቹ ኋላ፣ ጥግ ለጥግ አስቀምጠናቸው ነበር። ጥግ ቤዙን ያበዛዋል፤ የበዛ ቤዝ ደግሞ ቃሉን ይሸፍነዋል። ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል አራቅናቸውና ቲዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል እንዲሆን አደረግን። ባዶ የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እያንጸባረቀ ያደናግራል፤ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ይረዳል። የአባቴንም ወንበር ከቴሌቪዥኑና ከመስኮቱ ጫጫታ አራቅነው።

ድምፁን ደግሞ ያለ ልክ አይክፈቱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳያልፍ ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል። አያት ስለማይሰማቸው የሚከፈተው ድምፅ የልጅ ልጁን ጆሮ እንዳይጎዳ ማሰብ የወላጅ ነው።

ከአረጋዊ ጋር ሲያወሩ አይጩኹ። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አፍዎ እየታየ፣ ዝግ ብለው ይናገሩ። ጩኸት ድምፁን ያጎላዋል እንጂ ቃሉን ጥርት አያደርገውም። ልጄ ይህን ከእኛ ቀድሞ ለምዶታል። አሁን ማታ ማታ ካሴት ሲከፈት እግራቸው ሥር ይቀመጥና ያልገባቸውን ስንኝ ይደግምላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ቅኔውን ይፈቱለታል። ወርቁ ምን እንደሆነ እርሱ አያውቅም፤ ሰሙ ምን እንደሚል እርሳቸው አይሰሙም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዘፈኑ ሙሉ ይሆናል።

እህቴ ለገመዱ የለየችው ገንዘብ አልተነካም። እርስዋ ለመስሚያ መሣሪያ ይሁን ትላለች፤ ሐኪሟም ይጠቅማቸዋል ብላለች። አባቴ ግን ገና እሺ አላሉም። «ሰው ያየኛል» ይላሉ፤ መነጽር ያደረጉ ጊዜም እንዲሁ ብለው ነበር። ወንድሜ እንገፋፋቸው ይላል፤ እኔ ጥቂት ቀን እንስጣቸው እላለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ በራሳቸው አንስተው «ያ መሣሪያ የስብከቱንም ቃል ያሰማል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል።